የአንጓች ሐሙስ

ከአያቶቻችን አያቶች በፊት ነው፤ እኔ አልነበርኩም፣ እናንተም ገና አልታሰባችሁም። ሙጫ በር የምትባል የቆላ መንደር ነበረች። በዚያች መንደር አንጓች የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቶባት ከአንዲት ልጇ ጋር ዳር ላይ ትኖራለች። ሰው ጋኗን ይገዛል፣ እሷን ግን ይፈራል። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት ይባል ነበራ። ምን ልደብቃችሁ፣ የኔው ዘመዶችም ይሉ ነበር።

ሙጫ በር ውሃ ሩቅ ነው። ስለዚህ በየቤቱ ትልቅ ጋን ይቆማል። ጋኑ ግን ተሟጦ አያውቅም። ከሥሩ አንድ ስንዝር ውሃ ይተዋል፣ በላዩ ይጨመራል፤ «እናት ውሃ» ይሉታል። እናት ውሃ የተደፋበት ቤት ሲሳዩ ይነጥፋል ብለው ያምናሉ። አፉንም አይከድኑትም፤ ሲሳይ ከላይ ነው የሚወርደው አሉ።

አንድ ዓመት ዝናቡ ሲያባራ ትኩሳት ገባ። ወባ እንዳይሉት ወባ አይመስልም። ሰው ጠዋት ደህና ወጥቶ ማታ ይወድቃል። ከዓይኑ ኋላ ያመዋል፣ አጥንቱን የቀጠቀጡት ይመስለዋል፣ ገላው ሽፍ ይላል። አንዳንዱም ድዱ እየደማ ይሞታል። «ሰባብር» አሉት። ስም ካወጡለት በኋላ ጥፋተኛ ፈለጉለት። ሰባብር ያልገባበት የማን ቤት ነው? የአንጓች። በቃ፣ ተገኘች!

መጀመሪያ ሸክላዋን መግዛት ተዉ። አንጓች ዝም አለች። ቀጥሎ ልጇን ከምንጭ አባረሩ። አንጓች አሁንም ዝም አለች። ዝም ያለችው ግን ስላልከፋት አይደለም። «እውነት እኔ እሆን እንዴ?» እያለች ራሷን መጠርጠር ጀምራ ነበር። ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

በሦስተኛው ደግሞ፣ የመንደሩ ዳኛ ባላምባራስ ጉልላት ልጃቸው ስንዱ ታመመችባቸው። አንጓችን መንደሩ ወደሚዳኝበት ሮቃ ዛፍ ሥር አስጠሩና፣ በአሥር ቀን ውስጥ ልጄን ካልለቀቅሽ ቤትሽን አቃጥዬ ከነልጅሽ አባርርሻለሁ አሏት።

ያን ቀን ዝም አላለችም። እናት ውሃው እንዳይደፋ ከነውሃው ለጥገና በመጣላት አንድ አፉ የተሰነጠቀ ጋን ውስጥ አይታ የነበረው ነገር ትዝ አላት። እናት ውሃው ላይ ፀጉር የሚያህሉ ትሎች ይወራጫሉ፤ ጥላዋ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ይጠልቃሉ። የሷ ጋኖች ይህ የለባቸውም። ያፈስሱ እንደሆነ ለማየት ትሞላቸዋለች፣ ከዚያ ሙጥጥ አድርጋ ትደፋቸዋለች።

«ጌታዬ፣ ከራስዎ ጋን ሥር በገንቦ ውሃ ያስቀዱ» አለቻቸው። «አፉን በራስዎ ነጠላ ሸፍነው ይሰሩት። እዚሁ ይቀመጥ፣ ዘበኛም ያቁሙበት። እኔ አልነካውም።»

ባላምባራስ ሁለት ዘበኛ አቆሙ፤ አንዱ ገንቦውን እንዲጠብቅ፣ ሌላው ደግሞ ያንኑ ዘበኛ እንዲጠብቅ። በአራተኛው ቀን ከነጠላው ሥር እዝ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰው ተሰበሰበ። እግራቸው ዥንጉርጉር የሆነ ጥቋቁር ቢምቢዎች ከነጠላው ሥር ይርመሰመሳሉ። ወዲያው አንደኛው ዘበኛ፣ አንጓች ሌሊት ጅብ ሆና መጥታ ቢምቢ ስትጨምር አይቻለሁ ብሎ ማለ። ሌላኛው ደግሞ «እሱማ ተኝቶ ነበር» አለ። እንዲህ ያለ መንደር ነው እንግዲህ!

«እነዚህ ከጋንዎ ትል የወጡ፣ በቀን የሚናከሱት ናቸው» አለች አንጓች። «ከታመመው ወስደው ለደህናው የሚያቀብሉ ይመስለኛል። አልምልም። ግን ጋንዎን ይድፉት፣ ስንዱንም ቢምቢ እንዳይደርስባት በቀን ይሸፍኗት።»

ባላምባራስ ሁለት ልብ ሆኑ። ሌሎች አራት ልጆች አሏቸው፤ ሲሳያቸውም በዚያ ጋን ነው፣ እንደ እምነታቸው። ከዚያ ቤታቸው ሄዱና ጋኑን በገዛ እጃቸው አጋደሙት፤ ቀኑም ሐሙስ ነበር። ሚስታቸው ደረቷን መታች። እናት ውሃውን መሬት ጠጣው። የጋኑን ውስጥ በአሸዋ ፈትገው፣ ሞልተው፣ አፉን በጨርቅ አሠሩ።

ስንዱ እየተንፈራገጠች ሰነበተችና ተነሣች። ከአራቱ ልጆች አንድም አልታመመም። ያኔ ሌላውም ሰው ጋኑን መድፋት ጀመረ፤ ግን ጎረቤት እንዳያየው በጓሮ፣ ተደብቆ። ጨረቃ ሁለቴ ሳትሞላ ሰባብር ከሙጫ በር ወጣ። አንጓችንም፣ እሺ፣ ኑሪ አሏት። ይቅርታ ያላት የለም።

እስከ ዛሬ በኛ አገር ሐሙስ ጠዋት ጋን እስከ ጠብታው ይደፋል፤ በአሸዋም ይፈተጋል። ውሃ የሚያቁር ስባሪ ገል ሁሉ ይገለበጣል። የቤቱ እመቤት ጋኑን ሞልታ፣ አፉን ከማሠሯ በፊት ለእንግዳ ቦታ እንደምትለቅ ገለል ትልና «አንጓች፣ ግቢና እይልን» ትላለች። እናቴም ትል ነበር፣ ልጆቼም ይላሉ። በሕይወት ሳለች ግን አንድ ሰው እንኳ ግቢ ብሏት አያውቅም።