ሸክላ ሠሪዋ ደብሪቱና ሐሙስ ገበያን የጠቀለለው ነጋድራስ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የእጅ ጥረት» እያላችሁ ተቀበሉኝ። ተረት ተረት። አልሰማሁም፤ ምሳ አልበላችሁም እንዴ? ተረት ተረት። እህ፣ አሁን ሰማሁ።

በድሮ ዘመን፣ ገንዘቡ አሞሌ ጨው በነበረበት ጊዜ፣ በሁለት ወንዞች መካከል አንድ ገበያ ነበር። የሚቆመው ሐሙስ ሐሙስ ስለሆነ ስሙም ሐሙስ ገበያ ነበር። የኛ ሰው ለገበያ ስም ሲያወጣ ብዙ አይጨነቅም።

በዚያ ገበያ ደብሪቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ሦስት ልጆች አሏት። መሬት የላትም፣ በሬ የላትም፣ ያላት ሁለት እጇ ነው። በሁለት እጇ ድስት ትሠራለች፣ ማሰሮ ትሠራለች፣ እንስራ ትሠራለች። ሐሙስ ሲደርስ አዝላ ትወጣና ከትልቁ ዋርካ ሥር ትደረድራለች። ሽያጩ ከቀናት ልጆቿ ይበላሉ፤ ካልቀናት ጦም ያድራሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

የደብሪቱ ድስት ደግሞ ስም ነበረው። አዲስ ድስት ካልተሟሸ ያንጠባጥባል፣ ወጡንም አፈር አፈር ያሰኘዋል። ሌላው ሸክላ ሠሪ ጥሬውን ሸጦ «ቤትሽ ወስደሽ አሟሺው» ይላል። ደብሪቱ ግን በጎመን ዘር አሽታ፣ እሳት ላይ ጥዳ፣ ደጋግማ አሟሽታ ነው የምታወጣው። «በይ እቴ፣ ዛሬውኑ ሽሮሽን ጣጂበት» ትላለች። ሴቱ ሁሉ ወደ እሷ ቢሄድ ምን ይገርማል?

ከአጠገቧ አያ ፈንቴ የሚባሉ ገመድ ገማጅ ሽማግሌ ይቀመጣሉ። ወዲያ ቅቤ ሻጮቹ፣ ወዲህ ማረሻ ቀጥቃጩ፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ሃምሳ የሚሆን ሰው ሃምሳ ዓይነት ነገር ይሸጣል።

የነጋዴው ሁሉ አለቃ ግን ነጋድራስ ወንዳፍራሽ ነበር። አያ ፈንቴን «እሳቸው» ብዬ ነጋድራሱን «እሱ» ማለቴን ታዝባችሁ ይሆናል። ቆዩ፣ ትደርሱበታላችሁ። ጎተራው አሞሌ፣ ግቢው በቅሎ፣ ደጁ አሽከር የሞላ ሰው ነው። የጨው ንግዱ ብቻ ለልጅ ልጁ ይተርፍ ነበር። ዓይኑ ግን አይጠግብም። አንድ ሐሙስ ሴቶቹ ደብሪቱን ከበው ሲገዙ አየና ሆዱ ቅጥል አለ።

«ይህችም ነጋዴ ሆና» አለ።

ከወንዙ ዳር ሸክላ ሠሪው ሁሉ አፈር የሚያወጣበት ጉድጓድ ነበር። በማግሥቱ ደብሪቱ ቅርጫቷን ይዛ ብትወርድ ነጋድራሱ አሽከሮቹን አስከትሎ፣ በቅሎው ላይ ሆኖ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል።

«አፈሩ የኔ ነው። ትንሽ ነገር እጅ አይሞላም፤ ሁሉንም እይዛለሁ» አለ።

ደብሪቱ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«ይሁን ጌታዬ። ከያዙት አጥብቀው ይያዙት» አለች።

ነጋድራሱ አሽከሮቹን ድስት አሠራ። ጥበቡ አፈሩ ውስጥ ያለ መሰለው። ሸክላ በጥላ ቀስ ብሎ መድረቅ እንዳለበት ማን ይንገረው? ቢነግሩትስ መቼ ይሰማል? «ለሐሙስ አድርሱልኝ» እያለ እርጥቡን እሳት ውስጥ አስገባው። ድስቱ ጧ፣ ማሰሮው ጧ፣ እንስራው ጧ። ከዚያ ሁሉ ልፋት የተረፈው የገል ክምር ነው። ደብሪቱስ? ደብሪቱ መቆፈሪያዋን ይዛ ወደ ኩይሳው ሄደች። ምስጥ አልሞ የቆለለው አፈር ለሸክላ ምን የመሰለ ነው። እሱን አቡክታ ሠራች፣ አደረቀች፣ ተኮሰች፣ አሟሸች። ለሚቀጥለው ሐሙስ ድስቷን አዝላ ከዋርካው ሥር ተገኘች።

ነጋድራሱ ይህን ሲያይ ዋርካውን ዙሪያውን በጨው ጭነት አጠረው። ሻጩ ሁሉ ፀሐይ ላይ ወጣ። ልጅ ያዘለችው እናት ፀሐይ ላይ፣ አያ ፈንቴ በዚያ እርጅናቸው ፀሐይ ላይ።

«ጥላው የኔ ነው። ትንሽ ነገር እጅ አይሞላም፤ ሁሉንም እይዛለሁ» አለ።

«ይሁን ጌታዬ። ከያዙት አጥብቀው ይያዙት» አለች ደብሪቱ።

ድስቷን መልሳ አዘለችና ወደ አያ ፈንቴ ዞረች።

«አያ ፈንቴ፣ ገበያተኛው የሚመጣው በየት ነው?»

«በመልካው ነዋ፣ ልጄ። ሌላ መሻገሪያ የት አለ?»

«እንግዲያው ይነሡ። እዚያው ወርደን እንቀበለው።»

ሃምሳው ሰው ተከትሏት ወረደና ወንዙ መሻገሪያ ላይ፣ ከሾላዎቹ ሥር ተደረደረ። ወንዙን የተሻገረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ሆነ። የሚፈልገውን ገዝቶ ከዚያው ይመለሳል። ነጋድራሱ ከዋርካው ሥር ከዝንቡ ጋር ሲታገል ዋለ።

በሦስተኛው ግን የባሰ መጣ። ነጋድራሱ ሙክት አስነድቶ፣ ማር አሸክሞ፣ ወደ አገሩ ገዢ ወደ ደጃዝማቹ ሄደ።

«ደጃዝማች፣ ሐሙስ ገበያን ለኔ ይስጡኝ። ድስቱንም፣ ገመዱንም፣ ቅቤውንም ከሩቅ አገር በበቅሎዎቼ አስጭኜ ለብቻዬ እሸጣለሁ። የገበያውን ቀረጥ እጥፍ አድርጌ አገባለሁ» አለ።

ደጃዝማቹ ክፉ ሰው አልነበሩም። ብቻ «እጥፍ» የምትለዋ ቃል ጆሯቸው ውስጥ ጣፈጠች። ነጋሪት ተጎሰመ። «ከእንግዲህ በሐሙስ ገበያም ሆነ በመልካው ከነጋድራስ ወንዳፍራሽ በቀር የሸጠ ሰው ንብረቱ ይወረሳል» ተባለ።

ነጋድራሱ ሲመለስ ሆን ብሎ በደብሪቱ ደጅ አለፈ።

«ገበያው የኔ ነው። ትንሽ ነገር እጅ አይሞላም፤ ሁሉንም እይዛለሁ» አላት።

«ይሁን ጌታዬ። ከያዙት አጥብቀው ይያዙት» አለችው።

በሯን ዘግታ ግን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ምን ታድርግ? የተሟሸ ድስት ሃያ ተደርድሯል፤ ዱቄቱ ግን የሦስት ቀን ነው። ትንሿ ልጇ ደግሞ «እማዬ፣ ሐሙስ አንሄድም?» ትላታለች።

ሻጮቹ ሁሉ መጥተው ግቢዋ ውስጥ ተሰበሰቡ። ማረሻ ቀጥቃጩ «ወርደን እንምታው» አለ። ቅቤ ሻጮቹ «አገር ጥለን እንሂድ» አሉ።

«ተዉ እባካችሁ» አሉ አያ ፈንቴ። «ዱላውም ስደቱም ለኛ ለደካሞቹ አይሆንም።»

ደብሪቱ ቀና አለች።

«አያ ፈንቴ፣ ባለፈው ሐሙስ ድስት ሸጬ በአሞሌዋ ምን ገዛሁ?»

«ቅቤ ገዛሽ።»

«ቅቤ ሻጭዋስ?»

«ለላሟ ከኔ ገመድ ገዛች።»

«እርስዎስ?»

«ለልጄ ማረሻ ገዛሁለት።»

«አንተስ ማረሻውን ሸጠህ ምን ገዛህ?» አለች ወደ ቀጥቃጩ ዞራ።

ቀጥቃጩ ራሱን አከከ። «ሚስቴ ካንቺ ድስት ገዛችበት» አለ።

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ደብሪቱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«በሉ ስሙኝ። ሐሙስ ሁላችንም ገበያ እንወጣለን። የሚሸጥ የለም፣ የሚጣላም የለም። ልንገዛ ነው የምንሄደው።»

«በምን?» አለ ቀጥቃጩ።

«እሱን ነጋድራሱ ይጨነቅበት።»

«እስከዚያ ምን በሉ?» ልትሉኝ ነው፤ አውቃችኋለሁ። አዋጁ በገበያ መሸጥን ከለከለ እንጂ ጎረቤት ለጎረቤት መስጠትን መቼ ከለከለ? ደብሪቱ ድስት ሰጥታ ጤፍ ተሰጣት። አያ ፈንቴ ገመድ ሰጥተው ባቄላ ተሰጣቸው። ሆድ ሳይሞላ፣ ሰውም ሳይሞት ሰነበቱ።

ሐሙስ ሆነ። ነጋድራሱ ዕቃውን ዘርግቶ ሜዳውን ሞላው። ሃምሳው ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ወጣ። ደብሪቱ አንድ ድስት አነሣችና በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገች።

«ድምፁ ደኅና ነው፣ ጌታዬ። በምን ልግዛዎት? ድስት ሸጬ ነበር የምገዛ፤ ድስት መሸጥ ተከለከለ።»

አያ ፈንቴ ማረሻውን አገላበጡት። «የረባ ማረሻ ነው። ምን ዋጋ አለው፣ ገመድ መሸጥ ተከለከለ» አሉ።

ቅቤ ሻጭዋ ገመዱን ሳበች፣ ለካች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከወንዙ ማዶ የመጣውም ገበያተኛ ጤፉን ሸጦ ነበር የሚገዛ፤ እሱም መሸጥ ተከለከለ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲያደንቅ ውሎ ባዶ እጁን ገባ። ነጋድራሱ «የሚቀጥለው ሐሙስ ይገዙኛል፤ ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ ሳቀ።

ሁለተኛው ሐሙስ ሆነ። ሰዉ መጣ፣ አየ፣ ኳ ኳ አደረገ፣ ተመለሰ። ቅቤው መሽተት ጀመረ። ነጋድራሱ አልሳቀም።

ሦስተኛው ሐሙስ ሆነ። ሰዉ መጣ፣ አየ፣ ኳ ኳ አደረገ፣ ተመለሰ። ከሩቅ አገር የመጡት ጫኞች «ደመወዛችን» እያሉ ነጋድራሱን ከበቡት። ማሩን ንብ ወረረው፣ ገመዱን አይጥ ቆረጠመው። ነጋድራሱ ድምፁ እስኪዘጋ «ግዙኝ እንጂ ሰዎች» እያለ ይለምን ጀመር። ይህን ጊዜ ደጃዝማቹ እጥፍ ቀረጣቸውን ሊቀበሉ በበቅሎ ደረሱ።

«ቀረጤ የታለ?» አሉ።

«ደጃዝማች፣ አድማ መቱብኝ። አንድም ሰው አልገዛኝ» አለ ነጋድራሱ።

ደጃዝማቹ ሜዳውን ዙሪያውን አዩት። ሰው ጢም ብሏል፣ ዕቃው ጢም ብሏል። ግራ ገባቸው።

«እናንተ ሰዎች፣ ለምን አትገዙም?»

ደብሪቱ ወጥታ እጅ ነሣች። ድምፅዋ ደኅና ነበር።

«ደጃዝማች፣ እኛ አድማ አናውቅም። ሐሙስ ገበያ የገዛው ሁሉ የሸጠ ነው። እኔ የቅቤ ሻጭዋ ደንበኛ ነኝ፤ ቅቤ ሻጭዋ የአያ ፈንቴ ደንበኛ ናት። ነጋድራስ ሻጩን ሁሉ ሲያስወጡ ገዢውንም አብረው አስወጡት። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ አሞሌ ቢኖረኝ ከነጋድራስ እገዛላቸው ነበር።»

ደጃዝማቹ ነገሩ ገባቸው፤ የራሳቸውም ጥፋት ገባቸው መሰለኝ፣ ጆሯቸው ቀላ ይባላል።

«አዋጁ ተሽሯል» አሉ። «ጉድጓዱ የሠሪው ነው፣ ጥላው የገበያተኛው ነው። አንተ ወንዳፍራሽ፣ እጥፍ ቀረጥ ብለህ ቃል ገብተሃል፤ ከጎተራህ ታወጣለህ። ደግሞም ሁሉንም ልያዝ ብለሃል። መልካም ነው፣ ትይዛለህ። የሚመጣው ሐሙስ ከሃምሳው ሻጭ አንዳንድ ዕቃ ትገዛለህ። በአሽከር የለም፣ በበቅሎ የለም፤ በገዛ ጫንቃህ ተሸክመህ እስከ ቤትህ ትሄዳለህ።»

ያን ሐሙስ የቀረ ሰው አልነበረም፤ አልጋ ላይ የዋለው በሽተኛ እንኳ በቃሬዛ መጥቷል ይባላል። ነጋድራሱ ከአያ ፈንቴ ገመድ ገዛ፤ አንገቱ ላይ ጠመጠሙለት። ከቀጥቃጩ ማረሻ ገዛ፤ በብብቱ ያዘ። ቅርጫቱን ጭንቅላቱ ላይ ደፋ፣ ሰሌኑን በጀርባው አዘለ፣ ዶሮይቱን በእግሯ አንጠለጠለ። ቅቤውን የት ያድርገው? አናቱ ላይ፣ ከቅርጫቱ በላይ አስቀመጡለት፤ በፀሐዩ ቀልጦ በጢሙ ይንቆረቆር ጀመር። አርባ ዘጠነኛውን ጨርሶ ደብሪቱ ዘንድ ሲደርስ ዓይኑ አያይም። ደብሪቱ አንድ እንስራ አነሣችና «ይታቀፉልኝ» ብላ ሰጠችው። ነጋድራሱ ሁለት እርምጃ ሄዶ በጉልበቱ ዱብ አለ።

«ደብሪቱ፣ እባክሽ አውርጂልኝ» አለ።

«የቱን ላውርድልዎ፣ ጌታዬ?»

«ሁሉንም።»

ደብሪቱ ቀድማ እንስራውን ተቀበለችው። አያ ፈንቴ ገመዱን ፈቱለት፣ ቀጥቃጩ ማረሻውን አነሣለት። ሃምሳው ሰው አንዳንድ ዕቃ ይዞ፣ እየሳቀና እየተጫወተ እስከ ቤቱ አደረሰለት። ለማንም አልከበደውም።

ነጋድራሱ ከዚያ ወዲያ ወደ ጨዉ ተመለሰ። በቅሎዎቹም ሥራ አገኙ፤ የደብሪቱን ድስት ጭነው፣ ዋጋቸውን እየተቀበሉ፣ ወንዙን ተሻግረው እስከ ሰኞ ገበያ ያደርሱ ጀመር። ደብሪቱ ለብቻዋ አልችል ስትል ሰባት ሴቶች ማሟሸት አስተማረች። ሐሙስ ገበያም ከዋርካው አልፎ እስከ መልካው ደረሰ።

እኔ ጨርሻለሁ፤ ተረቴን ለልጅ ልጅ ውሰዱ፣ ለደረቀው ጉሮሮዬም ጠላ ቅዱ። ምክሩን ግን ከኔ አይደለም የምትሰሙት። ነጋድራሱን ቤቱ አድርሰው ሲመለሱ አያ ፈንቴ በባዶ እጃቸው እያዘገሙ የተናገሩት ነው፤

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።»