ሣር የማይበላው እጩ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሮአችሁን ስጡኝ፤ ስጨርስ ትወስዱታላችሁ።

ዝናብ በራቀበት ዘመን ፍየሎች መስካቸውን የሚጠብቅ ሹም ሊመርጡ ተሰበሰቡ። እጩዎቹ ጎሽና ነብር ነበሩ። በአገሩ ደንብ መራጭ ሁሉ ከወደደው እጩ ኋላ ይሰለፋል፤ ሰልፉ የረዘመለት ይሾማል።

በቅርቡ የወለደች አንዲት ፍየል ግን ግልገሏን በጎኗ አስጠግታ ሜዳው መሀል ቆማ ቀረች። ጦጣ ከዛፍ ላይ ሆና ጠራቻት።

«እመት ፍየል፣ ምን ያስጨንቅሻል? አወዳድሪያቸው እንጂ! ስለ ሣሩ እንደሆነ ጎሽ አብሯችሁ ይግጣል፤ ነብር አንዲት ሰበዝ አይነካም። ስለ ውሃው እንደሆነ ጎሽ ኩሬውን ያደፈርሳል፤ ነብር ተጎንጭቶ ይሄዳል። ስለ ጥበቃውም ቢሆን፣ ጎሽ ሲመሽ ያንኮራፋል፤ ነብር ግን ዓይኑን አይከድንም።»

ጎሽ ይህን ሰምቶ «እውነቷን ነው፤ ሣር እበላለሁ» አለ።

ፍየሊቱ ነገሩን አሰላሰለችው፤ ሐሰት አላገኘችበትም። ግልገሏን ግን ይበልጥ ወደ ጎኗ አስጠጋች።

«እመት ጦጣ፣ ታዲያ ነብር የሚበላው ምንድን ነው?»

«እሱ ለውድድር የቀረበ ጉዳይ አይደለም! ደግሞስ ከዚያ ሁሉ ሰልፈኛ አንቺ ብቻ ብልህ ሆንሽ?»

ፍየሊቱ አፈረችና ከረጅሙ ሰልፍ ገባች። ነብርም ዞር ብሎ በትሕትና፣ «ግልገልሽ እንዴት አምሮበታል! በዚህ ድርቅ እንኳ አልከሳም» አላት።

በክረምቱ ዝናብ ዘነበ። ሣሩም በተገባው ቃል መሠረት አንዲት ሰበዝ ሳትነካበት እስከ ጎሽ ሆድ ድረስ አደገ፤ የሚግጠው ፍየል ግን አልነበረም።