ግድግዳ ላይ የተሳለው ጓሮ

አንድ ጊዜ ነገር ቶሎ የምትረሳ አህያ በወንዝ ዳር ጓሮ ነበራት። መርሳቷን አገር ያውቀዋል፤ ከሁሉ አብልጣ ግን እሷ ራሷ ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት ድንች የተከለችበትን መደብ ዘንግታ፣ ጎመን ልዝራበት ብላ ቆፈረችው። ድንቹ ተቆራርጦ በሰበሰ፤ ውርንጭላዋም ስትራብ ከረመች።

ስለዚህ ዘንድሮ ከሰል በጥርሷ ይዛ ጓሮዋን በቤቷ ግድግዳ ላይ ሳለችው። ከታች ለወንዙ ጠማማ መስመር፣ ከሱ በላይ አራት ሳጥን፣ አንዱን ከሌላው በላይ። በወንዙ በኩል ባለው ሳጥን ውስጥ ድንቿን በትንንሽ ክብ አመለከተች። በሁለተኛው የጎመን ቅጠል፣ በሦስተኛው የነጭ ሽንኩርት ራስ አደረገች። የላይኛውን መሬቱ ይረፍ ብላ ባዶውን ተወችው።

እመት ቀበሮ በዚያ ስታልፍ በበሩ አንገቷን አስገባች።

«እትዬ አህይት፣ ደግሞ ሠዓሊ ሆንሽልን?»

«ምን ላድርግ እቴ፣ ጭንቅላቴን አላምነውም» አለች አህይት አፈር ብላ።

«እነዚህ ክቦችስ ምንድን ናቸው?»

«ድንች ነው፣ በወንዙ በኩል ያለው መደብ። ለልጄ ነው። ዘንድሮ እንኳ ጠግባ ትደር።»

ቀበሮ ሥዕሉን አንዴ አየችና በቃት። «እኔማ አንዴ ያየሁትን አልረሳም» ብላ እየሳቀች ሄደች። አህይት ክፉ አልጠረጠረችም።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ቀድሞ መጣ። ወንዙ ሞልቶ የታችኛው መደብ ረግረግ ሆነ። የተቀበረው ድንች ገና አልበቀለም ነበርና አህይት አንድ በአንድ እያወጣች ባዶ በነበረው የላይኛው መደብ ተከለችው። በረግረጉ ላይ ደግሞ ውሃ የሚወደውን ጎደሬ ተከለች። ጭቃዋን እንኳ ሳትታጠብ ወደ ግድግዳው ሄደች። የታችኞቹን ክቦች በጅራቷ ጠርጋ አጠፋች፤ ድንቹን ከላይ ሳለችው፤ ከታች ሰፊ የጎደሬ ቅጠል አደረገች። ከዚያም በኋላ ጓሮው ውስጥ አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር ግድግዳውን ታርም ነበር። አንዳንዴ ይሰለቻታል። ውርንጭላዋን ስታይ ግን ከሰሉን ታነሳለች።

መስከረም ላይ፣ ድንቹ ሊወጣ ሳምንት ሲቀረው፣ እናትና ልጅ ከገበያ ሲመለሱ ከጓሮው ጩኸት ሰሙ። አህይት «ወይኔ ድንቼ!» ብላ ሮጠች።

አያ ጅቦ በታችኛው መደብ፣ ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ምላሱን በመዳፉ ያሻል። ጥሬ ጎደሬ ለበላው አይምርም፤ አፍ ያሳክካል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል። ቀበሮ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ትጮህበታለች።

«ቅጠሉ የድንች አለመሆኑን አላየህም፣ አንተ ከንቱ?»

«እኔ ፍየል ነኝ እንዴ ቅጠል የማየው?» አለ ጅቡ በተኮላተፈ አንደበት። «ቆፍር አልሽኝ፣ ቆፈርኩ። እኩል እንካፈላለን አልሽኝ፤ አንቺ ሳትደርሺ ብዬ ያንቺንም ድርሻ ጨምሬ ዋጥኩት!»

ቀበሮ አህይትን ስታይ፣ በማፈር ፈንታ ተቆጣች።

«ግድግዳሽ ውሸታም ነው! ድንቹ በወንዙ በኩል እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«መቼ ነው ያየሽው?»

«በሚያዝያ ነዋ!»

«እኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት አየሁት» አለች አህይት።

ቀበሮ ጅራቷን ቆልፋ ሹልክ አለች። ጅቡም አፉን ሊጉመጠመጥ እየተንፏቀቀ ወደ ወንዙ ወረደ። አህይት ቀና ብላ የላይኛውን መደብ አየች፤ አፈሩ አልተነካም። እፎይ አለች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ ከሰሏን አነሳችና፣ ጅቡ የበላውን ጎደሬ ከታችኛው ሳጥን ውስጥ አጠፋች።

ከዚህ የምንማረው አንዴ አይቻለሁ ብሎ በማስታወሱ ከሚመካ ብልጥ ይልቅ፣ መርሳቱን አምኖ ምልክቱን በየጊዜው የሚያርም ሰው ቤቱን ከረሃብ እንደሚያድን ነው።