ከታች ቀምሶ የማያውቀው ጭራቅ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

«ጮክ በሉ፤ ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ገብቷል።»

«የመሰረት!»

በድሮ ጊዜ፣ ሸምበቆ በር በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ድሃ ሴት ነበረች። ከመንደሩ በላይ አንድ ምንጭ ነበር። ምንጩ ላይ ደግሞ ጭራቅ ተቀምጧል። ጭራቁ ከምንጩ ዓይን ይጠጣል። ዝቅ ብሎ እግሩን ይታጠባል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ... እሱን አልናገርም፤ ገብቷችኋል። መንደሩ የሚቀዳው ከዚያ በታች ነው።

የአንጓች ልጅ ተመቸ ሆዱን ታመመ። መቆም አቃተው። አንጓች ማሰሮዋን አዝላ ወደ ጭራቁ ወጣች።

«አያ ጭራቅ፣ እባክህ ከዓይኑ ልቅዳ። ልጄ ሊሞትብኝ ነው።»

«ሂጂ ወዲያ! የኔ ውሃ ከላይም ከታችም ማር ነው።»

በማግስቱ ሄደች። «ማር ነው አልኩሽ!» ብሎ አባረራት። በሦስተኛው ቀንም አባረራት። ስትመለስ እንቁራሪት ከድንጋይ ሥር ብቅ አለች። አፍንጫዋን ይዛለች።

«እትዬ አንጓች፣ እኔም እዚህ መኖር መረረኝ። እሱ እኮ ከታች ቀምሶ አያውቅም። አቅምሺው።»

አንጓች ከታች ቀድታ ተመለሰች። ማሰሮውን አቀረበችለት።

ጭራቁ ጠረጠረ። «መጀመሪያ ቅመሺ! ያቀረበ ይቀምሳል፤ ወግ አታውቂም?»

«የሚቀምሰውማ ባለቤቱ ነው። ውሃው የማን ነው?»

«የኔ ነዋ!»

«እንግዲያው ባለቤቱ ይቅመስ። ወይስ ማር አይደለም?»

ጭራቁ ተናደደ። ማሰሮውን አንስቶ ጨለጠው።

ሆዱ ጮኸ። የመንደሩ ሴቶች ነጎድጓድ መስሏቸው ያሰጡትን እህል አስገቡ።

ጭራቁ ተደብቆ ሊቀመጥ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። ከወገቡ በላይ ሳይሸፈን ተረፈ። ወደ ዋርካው ሮጠ። መቀመጫው ተረፈ። ወደ ኮረብታው ጀርባ ሮጠ። እዚያ ደግሞ ገበያተኛ ያልፋል።

«አትዩኝ! ዞር በሉ!» እያለ አለቀሰ።

«ወዴት እንዙር?» አሉት አንድ ሽማግሌ። «በየትም በኩል አንተ ነህ!»

አንጓች ቀረብ አለች። «ከምንጩ ርቀህ፣ ከመንደሩም በታች ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍር። በሸምበቆ እናጥርልሃለን። ዓይኑን ግን ትለቅልናለህ።»

«ለቅቄያለሁ! ብቻ ቶሎ እጠሩ!»

በጥፍሩ ቆፈረ። ታጠረለት። ገባ። ሲወጣ ፊቱ በርቷል።

«እናንተስ የት ነው የምትሄዱት?» አላቸው።

መንደርተኛው ሁሉ ቁጥቋጦውን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። ጭራቁ ሳቀ። ለየቤቱም አንድ አንድ ጉድጓድ ቆፈረ። የአንጓችን ግን ሊቆፍር ሲል ጥፍሩ ተሰበረ።

ተመቸ ከምንጩ ዓይን ጠጣ። ውሎ አድሮ በረታ፣ ተነሣ። መጀመሪያ የሮጠው ወደ ጭራቁ የሸምበቆ አጥር ነበር።

«ሰው አለ!» አለ ጭራቁ ከውስጥ።

ልጆች፣ ውሃ አጠገብ አትጸዳዱ። ለሌላው የምትተዉት ውሃ ራሳችሁ ልትጠጡት የምትደፍሩት ይሁን።

ተረቴን መልሱ። ዳቦዬን ግን እጃችሁን ታጥባችሁ አቀብሉኝ።