ገንዘቡ አጥንት የሆነ ኅብረት

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ስብሰባ የሚባለውን በሽታ ገና በመልመድ ላይ ሳሉ፣ አህዮች የራሳቸው አገር ነበራቸው። ትንሽ አገር ናት። ከላይ ሣር፣ ከታች የጨው ሜዳ፣ መሀል ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚንከባለሉበት አቧራ። ገንዘባቸው አሞሌ ጨው ነበር። አንዷ ከሌላዋ ሣር ስትገዛ አንድ አሞሌ ትሰጣለች፣ አለቀ።

ታዲያ እነዚህ አህዮች አንድ ልማድ ነበራቸው። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ መጀመሪያ ጤና ይጠያየቃሉ፤ ከዚያ አንዱ አሞሌውን ያወጣና «እስቲ ቅመሺ» ይላል። ሌላዋም የራሷን ታወጣለች። እያንዳንዳቸው አንዴ ላስ አድርገው፣ «ደህና ዋሉ» ተባብለው ይለያያሉ። በየሰላምታው ገንዘቡ እየሳሳ መሄዱ እውነት ነው። ዘመድ የበዛበት አህያ ገበያ እስኪደርስ የሚተርፈው ጥርስ የምታህል ጨው ናት። ግን በዚህ የተከፋ አልነበረም፤ ጨው ሲያልቅ ወደ ሜዳው ወርዶ ሌላ መቁረጥ ነው።

የአገሩ ሹም አቶ ቡላ ይባላል። ጀርባው ሰፊ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ሙገሳ የሰማ እንደሆነ ደግሞ ጆሮዎቹ ወዲያው ቀጥ የሚሉ አህያ ነው። ሌላዋ እትዬ ዳለቻ ናት። ዕድሜዋ የገፋ፣ ጥርሷ የጎደለ፣ «ለምን?» የሚል ቃል ከአፏ የማይጠፋ አሮጊት። በዚህ ቃል የተነሳ ሠርግ እንኳ አይጠሯትም ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እመት ቀበሮ ከተፍ አለች። «የሰባቱ ሸለቆዎች ኅብረት ዋና ጸሐፊ ነኝ» አለች። ኅብረቱን የሚመራው አያ አንበሶ ነው፤ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው ደግሞ አያ ጅቦ። አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል፣ ጅብ ነው ግምጃ ቤት ጠባቂው። እኔን አትዩኝ፣ የሾምኩት እኔ አይደለሁም።

ቀበሮዋ ስትደርስ ሁለት አህዮች እንደ ልማዳቸው አሞሌ ይላላሳሉ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለቻቸው።

«ሰላም እየተባባልን ነዋ!»

«በገንዘብ?» አለችና ሳቋ አመለጣት። «ወይ ጉድ! ገንዘባችሁን ትልሱታላችሁ? በዚህ ዘመን? ጎረቤት አገር ቢሰማ ምን ይላል አትሉም?»

አህዮቹ አፈሩ። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያች ቀን ድረስ በዚህ ነገር ማፈር እንዳለባቸው የነገራቸው አልነበረም። አቶ ቡላ አሞሌውን ቶሎ ብሎ እግሩ ሥር ደበቀ።

ቀበሮዋ ይህን አይታ ድምፅዋን አለዘበች። «አይዟችሁ፣ ኅብረታችን ውስጥ ብትገቡ ይሄ ሁሉ ይቀራል። ድንበር የለ፣ ኬላ የለ። ሰባቱም ሸለቆ አንድ ገበያ፣ አንድ ገንዘብ። እርስዎም አቶ ቡላ፣ በየስብሰባው ከአያ አንበሶ ጎን ይቀመጣሉ።»

የቡላ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። «ከአያ አንበሶ ጎን? እኔ?»

«ጎን ለጎን። ትከሻ ለትከሻ!»

«ገንዘቡ ምንድን ነው?» አለች እትዬ ዳለቻ ከኋላ።

«አጥንት።»

«አጥንቱ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከአባል አገሮች።»

«እኛ አገር አጥንት የለም እኮ። ሣርና ጨው ነው ያለን።»

እመት ቀበሮ አሮጊቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ቀጥላ አቶ ቡላን አየችው፤ እሱን ረዘም አድርጋ ነው ያየችው። ምራቋን ዋጥ አደረገችና፣ «ማነው የለም ያለሽ?» አለች። «በባለሙያዎቻችን አስጠንተናል። ከሰባቱ ሸለቆ ትልቁ የአጥንት ክምችት ያለው እዚሁ እናንተ ዘንድ ነው። ያውም ገና ያልተነካ!»

ምን ልበላችሁ! አገሩ በጩኸት ተናወጠ። አህዮቹ ሀብታም መሆናቸውን ያወቁት ገና ያን ዕለት ነው። «ያልተነካ ክምችት!» እየተባባሉ አቧራው ላይ ተንከባለሉ። አቶ ቡላማ እንባው መጣ። «አያቶቻችን ይሄን የመሰለ ሀብት ይዘው በድህነት ሞቱ እኮ!» አለ።

«እሱ ክምችት የት ነው ያለው? እስቲ አንዴ እንየው» ያለች አንዲት ብቻ ነበረች። ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ።

«እትዬ ዳለቻ፣ በናትሽ ዛሬን እንኳ ተይን!» አላት ቡላ። ኮቴውን ጭቃ ነከረና ስምምነቱ ላይ ማኅተሙን አሳረፈ። እልል ተባለ።

በማግስቱ ቀበሮዋ የአገሩን አሞሌ በሙሉ ሰብስባ አስጭና ሄደች። ያስጫነችው በአህዮቹ በራሳቸው ጀርባ ላይ ነው። ይህን እሷ «አሮጌውን ገንዘብ ከገበያ ማውጣት» ትለዋለች። ለየአህያው በምትኩ ጥቂት ጥቂት አጥንት ታደለ። አጥንቱ አይላስም፣ አይበላም፤ ይሸታል እንጂ። አህዮቹ ሲገናኙም ግራ ገባቸው፤ መቼም አጥንት አውጥቶ «እስቲ ቅመሺ» አይባል ነገር። ዝም ብለው መተላለፍ ጀመሩ። ሁለት ወር ሳይሞላ አገሩ ሁሉ የተኳረፈ መሰለ።

ከዚያ በጋው ገባ፣ ምንጩም ደረቀ። ወንዙ ያለው ከጅቦች ሸለቆ ማዶ ነው። አህዮቹ ሊጠጡ ሲወርዱ መሻገሪያው ላይ አንድ ጅብ ቆሞ ጠበቃቸው።

«አንድ አንድ አጥንት ክፈሉ!»

«ኬላ የለም ተብሎ አልነበር እንዴ?»

«ኬላ አይደለም። የኅብረት አገልግሎት ነው» አለ ጅቡ። ምን አገልግሎት እንደሆነ ግን እሱም አያውቀው።

ከፈሉ። በሳምንቱ ሁለት ሁለት ሆነ፤ ቀጥሎ አምስት አምስት። ምክንያቱ ወዲህ ነው። አያ ጅቦ ግምጃ ቤቱን ይጠብቃል። ሲጠብቅ ይርበዋል። ሲርበው አንዲቷን ብቻ ቆርጠም ያደርጋል። ግምጃ ቤቱ ሲጎድል ክፍያው ይጨመራል፤ የተጨመረውም ይገባና ይቆረጠማል። አያ ጅቦ ከሥራው አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም።

በአህዮች አገር አጥንቱ ተሟጠጠ። ድሮ ቢሆን ቡላ ወደ ጨው ሜዳው ወርዶ ሌላ አሞሌ ያስቆርጥ ነበር። አሁን ግን ገንዘብ የሚያወጡት አንበሳና ጅብ ብቻ ናቸው። ከየት እንደሚያወጡት አልነግራችሁም፣ ልጆች እየሰሙ ነው።

ውኃ ካዩ ሦስት ቀን ሲሆናቸው አህዮቹ በቡላ ደጅ ተሰበሰቡ። የሚጮህበት ጉልበት ያለው እንኳ አልነበረም። ቡላ አያቸውና ሆዱ ባባ። «ስብሰባው ነገ ነው። ሄጄ እናገራለሁ» አለ። «እኔ እኮ ከአያ አንበሶ ጎን የምቀመጥ ሰው ነኝ።»

«አብሬህ እሄዳለሁ» አለች እትዬ ዳለቻ።

«አንቺ ደግሞ ምን ልታደርጊ?»

«ላስመልስህ።»

ስብሰባው የተደረገው ከመሻገሪያው ብዙም ሳይርቅ በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው፤ የቀሩት አህዮችም ተከትለው መሻገሪያው ዳር ቆመው ጠበቁ። አያ አንበሶ ከፊት ተጋድሟል። እመት ቀበሮ ደንቡን ታቅፋ ቆማለች። አያ ጅቦ ከግምጃ ቤቱ በር ላይ ሆዱን ነፍቶ ያንቀላፋል። ከርከሮዎችና ጦጣዎች ዙሪያውን ይዘዋል። ቡላ በተባለው መሠረት ከአንበሳው ጎን ሄዶ ተቀመጠ። አንበሳው አሸተተውና ከንፈሩን ላሰ።

ቡላ ስለ ውኃው አፉን ሳይከፍት ቀበሮዋ ቀደመችው። «የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው። ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆኗል።»

«ማን ነው ባዶ ያደረገው?» አለ አንበሳው።

ጅቡ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «የዘመኑ ሁኔታ ነው ጌታዬ» አለና መልሶ ጨፈነው።

«መፍትሔውስ?»

«በደንባችን አንቀጽ ሁለት ላይ፣ ግምጃ ቤቱ ሲጎድል ትልቁ ክምችት ያለው አባል ይሙላ ይላል» አለች ቀበሮዋ። «መዋጮው መቶ አጥንት ነው። ከፋዩም ይኸው ጎንዎ ተቀምጠዋል።»

ቡላ ሳቀ። «ኧረ እመት ቀበሮ! መቶ አጥንት ከየት አባቴ አመጣለሁ? ባዶዬን እኮ ነው የመጣሁት!»

«ምን ሲደረግ ባዶዎን! ይዘው ነው እንጂ የመጡት» አለችው በትሕትና። «አንድ አህያ ወደ ሁለት መቶ ይኖረዋል። መቶውን ይከፍላሉ፣ የቀረው መልስዎ ነው።»

ያኔ ገባው። «ክምችት ስትይን የከረምሽው… እኛኑ ነው?» አለ።

«ሌላ ምን አላችሁ?»

«በሕግ አምላክ! እኔ እኮ አባል ነኝ!»

«ለዚህ እኮ ነው። አባል ያልሆነ መች ይከፍላል?»

አንበሳው ብድግ አለ። ቡላ መሮጥ ፈለገ፣ እግሩ እምቢ አለው። ሞቱን ፊቱ ቆሞ አየ። መሻገሪያው ዳር የሚጠብቁት የተጠሙ ወገኖቹ ትዝ አሉት፤ ከእሱ ቀጥሎ ተራው የነሱ ነው። «እትዬ ዳለቻ፣ ድረሽልኝ!» አለ።

እትዬ ዳለቻም ለራሷ ፈርታለች። እሷም አጥንት አላት፣ አሮጌ ቢሆንም ገንዘብ ነው። ግን ወደ ፊት ወጣችና አንገቷን ሰብራ እጅ ነሳች።

«አያ አንበሶ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ። የአህያ አገር ያለባትን አትክድም። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቡላ ከእርስዎ ጎን የተቀመጠው ትልቅ ክምችት አለው ተብሎ ነው። የሚበልጠው ካለ ግን ቦታው ለበላጩ ነው የሚገባው። እኛ የሌላውን ክብር መንጠቅ አንወድም።»

«ማነው የሚበልጠው?» አለ አንበሳው በትዕግሥት ማጣት።

«አያ ጅቦ ናቸው እያሉ የሚያወሩ አሉ። እኔማ አላመንኩም። ይቺ ሆድ ምን ትይዛለች? ግፋ ቢል ሃምሳ ናት።»

ጅቡ በእንቅልፍ ልቡ የሰማው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከአንበሳ ጎን መቀመጥ እና ሃምሳ የሚል ስድብ። ተስፈንጥሮ ተነሳ።

«ሃምሳ? ሃምሳ ነው ያልሽው አንቺ ጥርሰ ወላቃ!»

ቀበሮዋ ዝም እንዲል በዓይኗ ጠቀሰችው። ዝንብ የገባባት መሰለው።

«የከርከሮዎችን ድርሻ ማን ቆረጠመው? የጦጣዎችንስ? ከአህዮች ወንዝ ዳር የተሰበሰበውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር የጨረስኩት እኔ አይደለሁም?» እያለ ሆዱን በኩራት ደበደበ። «እሱም ይቅር! ያ አያ አንበሶ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት የጎሽ ጭን ትናንት የት ገባና ነው! ሰባቱ ሸለቆ ቢደመር እዚህ ሆድ ውስጥ ካለው አይበልጥም! ተነስ አንተ አህያ፣ ቦታው የኔ ነው!»

አያ አንበሶ ቀስ ብሎ ዞረ።

«የጎሽ ጭኔን?» አለ።

ጅቡ በደንብ የነቃው ይሄኔ ነው። «ማለቴ… ጌታዬ… በአደራ ነው የያዝኩት። አልጠፋም፣ ውስጥ አለ።»

«እንግዲያው አውጣ!» ብሎ አንበሳው አገሳ።

ጅቡ እግሬ አውጪኝ አለ። አንበሳው ተከተለው። ከርከሮዎቹ «ድርሻችን! ድርሻችን!» እያሉ ከአንበሳው ኋላ ተግተለተሉ። መሻገሪያውን የሚጠብቀው ጅብም ጩኸቱን ሰምቶ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሸሸ። እመት ቀበሮ ብቻ አልሮጠችም። ደንቡን በብብቷ ሸጉጣ፣ «ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» ብላ ለባዶው ዋርካ ካስታወቀች በኋላ ወደ ቁጥቋጦው ገባች።

አህዮቹ ወንዙ ውስጥ ተበትነው ጠጡ። ማንም ክፈሉ አላላቸውም። ቡላ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆመና እየጠጣ ያለቅስ ጀመር።

«እትዬ ዳለቻ፣ ጅል ነኝ» አላት።

«ነህ» አለችው። «ቶሎ ጠጣና እንሂድ። አንበሳው ጅቡን ካጣው የሚመለሰው ወደኛ ነው።»

ቡላ እንባውን ሳይጠርግ ወገኖቹን እየገፋ ወደ ቤት ነዳቸው። ከዚያ ወዲህ «ሀብታሞች ናችሁ» የሚል እንግዳ ወደዚያ አገር ሲመጣ፣ አህዮቹ መልስ ከመስጠታቸው በፊት አፉን ከፍቶ ጥርሱን እንዲያሳያቸው ይጠይቁታል።

ከዚህ የምንማረው፣ የጋራ ማኅበር ስንገባ ከማን ጎን እንደምንቀመጥ ከመጠየቃችን በፊት የጋራው ገንዘብ ከማን ገላ ተነቅሎ እንደሚሠራ መጠየቅ እንዳለብን ነው።