የገዢው መስመር

አንድ ገዢ አንዲት ትልቅ ከተማ ያስተዳድር ነበር። የከተማዋ ዋና መንገድ ጠዋትና ማታ በመኪና እየታፈነ፣ ሕመምተኛው ሐኪም ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። መንገዱን ቢያሰፉትም ብዙ ሳይቆይ ያው መኪና ሞላው።

ገዢው ግን ተጨናንቆ አያውቅም። በመንገዱ መሐል እሱና ሹማምንቱ ብቻ የሚያልፉበት መስመር አለው፤ ሌላ ሰው ጎማውን ቢያሳርፍበት ወዮለት!

በመጨረሻ ፈጣን ባቡር እንዲዘረጋ ተወሰነና ትርሲት የምትባል መሐንዲስ ዕቅዱን እንድታወጣ ታዘዘች። ሹማምንቱ ሐዲዱ የሚያልፍበትን ቦታ ቀድመው መርጠውላታል፤ አንድ የድሆች ሰፈር። "አፍርሰሽ እለፊ" አሏት።

ትርሲት ሰፈሩን ሄዳ አየችው። እማማ ውድነሽ የተባሉ አሮጊት በራቸው ላይ አገኟት።

"ልጄ፣ ባቡሩስ ይምጣልን፤ የታክሲ ሰልፉ ገደለን። ግን ሰፈሩ ተበትኖ እድሩም ከፈረሰ፣ እኔ ስሞት ማን ይቀብረኛል?"

ትርሲት ተመልሳ ዕቅዱን ለማውጣት ተቀመጠች። ዕቅዷን ይዛ ገዢው ፊት ስትቀርብ ግን ሐዲዱ የተሰመረው በዚያ በገዢው መስመር ላይ ነበር።

"ታዲያ እኔ በየት ልሂድ?" አለ ገዢው ፊቱ ተለዋውጦ።

"በባቡሩ፣ ክቡርነትዎ።"

"እንቢ ብልስ?"

"ሌላ መሐንዲስ ይፈልጉ። እኔ የሰው ቤት አፍርሼ ባዶ መንገድ አላስተርፍም።"

እንዲህ ያለ ድፍረት እንዴት ደስ ይላል! ከሷ ያላነሰ የሚደንቀኝ ግን ገዢው ነው። አላባረራትም። መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ግራና ቀኝ የተገተረውን መኪናና መሐሉን ባዶውን መስመር ሲያይ ዋለ። ከዚያ ዕቅዱ ላይ ፈረመ።

ባቡሩ ሥራ የጀመረ ቀን ገዢውም ከሹማምንቱ ጋር ተሳፈረ። በእማማ ውድነሽ ሰፈር አጠገብ ባለው ፌርማታ አሮጊቷ ገቡ። መቀመጫ ቢያጡ፣ ማንነቱን ሳያውቁ ትከሻውን ነካ አድርገው፣ "እስቲ ጠጋ በልልኝ ልጄ" አሉት። ሹማምንቱ ክው አሉ። ገዢው እየሳቀ ጠጋ አለላቸው።

ወዳጆቼ፣ ያች ከተማ መተንፈስ የቻለችው ሐዲድ ስለተዘረጋላት ብቻ አይደለም፤ ሰፊውን ቦታ የያዘው ሰው ጠጋ ስላለ ነው። እኛስ በየቤታችን፣ በየሥራ ቦታችን፣ ለማን ጠጋ ማለት ሲገባን ተንሰራፍተን ተቀምጠናል?