ሁለት ትእዛዝ ለአንድ አፍ

በድሮ ዘመን ነው፣ ልጆቼ። ከምዕራብ፣ ካሪቢያን በሚባለው ባሕር ላይ፣ ሸንኮራ አገዳ የሞላባት አንዲት ደሴት ነበረች። ጌታዋ ሆዳም፣ ስስታምና ፈሪ ነበር። ምግብ አብሳይዋ ፊባ ባሪያው ነበረች፤ ዝምተኛና አስተዋይ።

ፊባ ሸርጣን በኮኮናት ወተት ትሠራለች። ገውዝ ትፍቅበታለች፣ ቅርንፉድ ትጥልበታለች፣ ቃሪያ ትሰነጥቅበታለች። ሽታው አገዳ ቆራጮቹን ምራቅ ያስውጣቸው ነበር። እሷ ግን ጣቷን እንኳ አትልስም።

ለምን ቢሉ፣ ምግብ እጇ ላይ እስካለ ድረስ ታፏጭ ተብሎ ታዟል። የሚያፏጭ አፍ አይበላማ።

አንድ ቀን በጎረቤት ደሴት አንድ ጌታ ተመርዞ ሞተ ተባለ። ፈሪው ጌታ ሌላ ትእዛዝ ጨመረ፤ ፊባ ምግቡን ከእጇ ሳታወርድ ትቅመስ አለ። የፊተኛውን እንዲሽር ግን ስስቱ አልፈቀደለትም።

በዚያው ሳምንት ሰው የምትጭን መርከብ ወደብ ገባች። ጌታው የፊባን አንድ ልጅ፣ ሚምባን፣ ሊሸጣት ቆርጧል። ፊባ ሰማች፤ አላለቀሰችም።

በመጀመሪያው ቀን ሸርጣኑን ይዛ እያፏጨች ቆመች። ቅመሺ አላት። አፏጨች። ሸርጣኑ ቀዘቀዘ፤ ጌታው ጦሙን ዋለ።

በሁለተኛው ቀን ዓሣውን ይዛ ቆመች። ቅመሺ አላት። አፏጨች። ዓሣው ቀዘቀዘ፤ ጌታው ጦሙን ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ዶሮውን ይዛ ስትቆም አለንጋ አነሣ። ግን ትእዛዙን ነው የፈጸመችው፤ አለንጋውን መልሶ ዶሮውን አስቀምጪና ተናገሪ አላት።

«ጌታዬ፣ ሁለት ትእዛዝ ሰጡኝ፤ ያለኝ አፍ አንድ ነው። ሌላ ሰው እያፏጨ ይሸከም፤ እኔ ባዶ እጄን መጥቼ ልቅመስልዎ።»

«ማን ይሸከም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። መንገድ ላይ ቀስ ብሎ የሚገድል መርዝ ቢጨመርበት ሁለታችንም አለቅን። እናቷን የማትመርዝ ሰው ካገኙ ጥሩ ነው።»

ጌታው ዶሮውን አየ፣ አሸተተ፣ ሚምባን አስጠራ።

ሚምባ እያፏጨች ተሸከመች። ፊባም የገዛ እጇን ሙያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰች። ገውዙ ትንሽ በዝቶ ነበር።

መርከቧ ግን ጎድላ አልሄደችም። በሚምባ ቦታ የአገዳ ቆራጯ የአቤና ልጅ ተጫነች። 

ልጆቼ፣ ብልሃት የራስን ልጅ ታድናለች። መርከቧን ባዶዋን ለመመለስ ግን የአንድ ሰው ብልሃት አይበቃም።